ለሕፃኑ የተያዘው የፍጅል ማር

በረዶ ሐዲዱን ስለሸፈነው የረፋዱ ባቡር ዘግይቷል። ወይዘሮ ሂሳኖ በትንሿ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በጨርቅ የተቋጠረ ብልቃጥ ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ትልቁ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ቴትሱያ ትናንት ደውሎ ሕፃኑን ሳል እንደያዘው፣ ጡትም እንቢ እንዳለ ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም "እኔ እስክመጣ ጠብቁኝ" ብለው፣ ነጭ ፍጅል ከትፈው ማር ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩ። የልጅ ልጃቸው ገና ስምንት ወሩ ነው።

በሩ ተከፍቶ ነርሷ ቺናሚ ስትገባ ወይዘሮ ሂሳኖ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሁለት ሰዎች በዚያች ጠባብ ከተማ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ መኖራቸው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አትክልት ቤት አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ዛሬ ግን ምድጃው አንድ፣ ባቡሩም አንድ ሆነባቸው።

"እንደምን አደሩ እማማ ሂሳኖ? በዚህ በረዶ ወዴት ነው?"

"ልጄ ቤት። ሕፃኑን ጉንፋን ይዞታል።" እዚህ ላይ ሊያበቁ አስበው ነበር፤ ምላሳቸው ግን አላረፈም። "የፍጅል ማር ይዤለታለሁ። ለናንተ ለተማራችሁት መሳቂያ ነው።"

"ማን ይስቃል? እኔም ሲያስለኝ እጠጣዋለሁ።"

"አንቺ?"

"ምነው፣ ነርስ ጉሮሮ የላትም እንዴ? የዝንጅብል ሻይም፣ ኩዙ ከሚባለው ሐረግ ሥር የሚሠራውን አጥሚትም እጠጣለሁ። ስታመም ሩዙ ላይ ኡሜ የሚባለው፣ በጨው የከረመው ጎምዛዛ ፍሬ ካልተደረገልኝ እህል አይወርድልኝም። ለሕፃኑ ግን ይህን አይስጡት፣ እባክዎ።"

"ጀመረሽ ደግሞ።"

"ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም እማማ። ማር ውስጥ አንዳንዴ የጀርም ዘር ይኖራል። እኔንና እርስዎን ምንም አያደርገንም። የሕፃን ሆድ ግን ገና ስላልጠነከረ እዚያ በቅሎ መርዝ ይሆንበታል። ሰውነቱ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።"

"አፍልቼ ብሰጠውስ?"

"ቢፈላም አይሞትም።"

"ቴትሱያ በምን ያደገ መስሎሽ ነው? ያንን የሚያህል ሰውዬ!"

"ያኔ ስንት ወሩ ነበር?"

ወይዘሮ ሂሳኖ ያን ዘመን ወደ ኋላ አሰቡ። አማታቸው የማሩን ዕቃ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ደብቀው፣ "ሞቺውን ሳይሸከም አይቀምሳትም" ይሉ ነበር። ልጅ ዓመት ሲሞላው ሞቺ የሚባለውን ትልቅ የሩዝ ቂጣ በጀርባው አስረውለት ዳዴ ሲል ይሳቃል፤ ከዚያ በፊት ለቴትሱያ ጠብታ ማር አልተሰጠውም።

"አማቴ ስስታም ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ዕድሜ ልኬን ስማቸውን ሳጠፋ ኖርኩ።"

ቺናሚ ሳቋን ዋጠችው። አሮጊቷ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

"እሺ፣ ማሩ ይቅር። ባሮ ሽንኩርት ጠብሼ በጨርቅ አንገቱ ላይ አስርለታለሁ።"

ባለፈው ዓመት በዚሁ የበረዶ ወራት የወይዘሮ ሂሳኖ ባል ኩራኪቺ ሲታመሙ አንገታቸው ላይ የታሰረው ይኸው ሽንኩርት ነበር። ትኩሳቱ ሳይለቃቸው፣ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ሚስትየው አጥሚት ሲያጠጧቸው ሰነበቱ። ሐኪም ቤት የደረሱት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀን ተረኛዋ ቺናሚ ነበረች፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ሽንኩርት ሳንባ ያድናል ያለዎት ማነው?" ብላ ተናግራቸዋለች። ቃሉ እውነት ነበር፤ አነጋገሩ ግን የሰው ልብ የሚዘጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሂሳኖ ከሐኪም ቤት አፍ የሚወጣ ምክር ሁሉ ስድብ ይመስላቸዋል።

"ያን ቀን አጥፍቻለሁ እማማ" አለች ቺናሚ አንገቷን ዝቅ አድርጋ። "ዓመቱን ሙሉ ስጸጸት ነው የኖርኩት። ሱቅ ውስጥ ሳይዎት የምሸሸው አፍሬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ንቀሽኝ መስሎኝ።" ወይዘሮ ሂሳኖ ብልቃጡን ይደባብሱ ጀመር። "ሳስርላቸው 'ሞቀኝ' አሉኝ እኮ። ሞቀኝ ሲሉኝ የዳኑ መሰለኝ።"

"ሙቀቱ እውነት ነው። ያንን እኛ ልንሰጣቸው አንችልም ነበር። ግን ሽንኩርቱን እንዳሰሩ ሐኪም ቤት መምጣት ይቻል ነበር። ይህን ልነግርዎ ሲገባኝ ሰደብኩዎት።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሁለት ደግ ሰዎች ተኳርፈው የከረሙበትን ጊዜ ማን ይመልሰዋል? ነባሩን አጥሚት የሚንቅ ትምህርት ሰሚ ያጣል፤ ሐኪምን የሚያስጠብቅ አጥሚትም ሰው ያሳጣል። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ተከባብረው ቢኖሩ ኖሮ ኩራኪቺ ዛሬ ከዚህ ምድጃ ዳር ሊገኙ ይችሉ ነበር።

"ታዲያ ይህን ምን ላድርገው?" ሲሉ ጠየቁ፣ ብልቃጡን ከፍ አድርገው።

"የሕፃኑ እናትስ ደህና ናት?"

"ሪሳም ታስላለች።"

"እንግዲያው በሙቅ ውኃ በጥብጠው ለሷ ይስጧት፤ ጉሮሮዋን ያለሰልስላታል። አጥሚትም ይሥሩላት፤ ስትጠጣ ጉልበት ታገኛለች፣ ፈሳሽም አያንሳትም። ሕፃኑ ግን ጡት እንቢ ካለ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ሞቺውን የተሸከመ ዕለት ማሩን እርስዎ ራስዎ ያቀምሱታል።"

የጣቢያው ሠራተኛ ብቅ ብሎ ባቡሩ ገና ብዙ እንደሚቆይ ነገራቸው። ወይዘሮ ሂሳኖ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ለቺናሚ ዘረጉላት። "ለቴትሱያ ደውዪልኝ።"

ቴትሱያ ወዲያው አነሳው። "እማዬ፣ የት ደረስሽ? እየጠበቅንሽ ነው።"

"አትጠብቁኝ" አሉት። "ልጁን ጠቅልላችሁ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አባትህን ያስጠበቅሁት ይበቃኛል።"