መሰንበት ያልነው አብራሪ

ክቡር ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ወንበር ከታካሚዎች መቆያ ለምናችሁ፣ ተራ ተለዋውጣችሁ ለእኔ መሸኛ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በሬዲዮ «አጠር አድርጉ» ስላችሁ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ዛሬ እኔም አጠር አደርጋለሁ። የማወራው ስለ አንድ ቅጽል ስም ብቻ ነው።

አንጋፋውን የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር አብራሪያችንን «መሰንበት» ያልነው እኛ ነን። ጭጋግ ሲወርድ ሄልሜቱን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና፣ «ከመሞት መሰንበት! ታካሚዎቹ በመኪና ይምጡ» ይል ነበር። እኛስ?

«መሰንበት፣ ዛሬስ ደመናዋ ፈገግ አለችልህ?»

«መሰንበት፣ ሚስትህ ጃንጥላ ልካልሃለች!»

አብሮን ይስቅ ነበር። የሚስቅ ሰው አይከፋውም ያለው ማነው?

ያን ዕለት ጠዋት ከተራራው ማዶ፣ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት ነበረች። ከመስኮቴ ማዶ ማረፊያው እንኳ አይታይም። እንደ ልማዱ ሄልሜቱን አወለቀ። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ «እሷ ትሙት፣ እሱ ይሰንብት» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ሄልሜቱን መልሶ አጠለቀ።

«ትንሽ ክፍተት ይታየኛል» አለኝ በሬዲዮ። ከዚያ በኋላ ብጠራው፣ ብጠራው፣ ዝም። አብራው የተሳፈረችው ነርሳችንም አልተመለሰችም። እናቲቱን ጎረቤቶቿ በመኪና አደረሷት፤ ተረፈች።

መርማሪዎቹ «የሰው ስህተት» አሉ። ልክ ናቸው። ግን የየትኛው ሰው? ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር እኮ!

ጡረታዬ ገና ነው። የምሄደው መነጋገሪያውን ባነሳሁ ቁጥር አፌ እሱን ስለሚጠራ ነው። ዝም ብዬ ልወጣም ነበር። ትናንት ግን አዲሷ አብራሪያችን «በዚህ ጭጋግ አልነሳም» ስትል፣ ከጀርባዬ «ሁለተኛዋ መሰንበት መጣች!» ሲባል ሰማሁ። ሳቁንም ሰማሁ።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ? እግራችሁ ላይ ልውደቅ? አውቃለሁ ክቡር ኃላፊያችን፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ደስ የሚል ወሬ ነበር የሚያስፈልገው። የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

አንቺ እህቴ፣ ሄልሜትሽን አውልቂና ተቀመጪ። ይሳቁ። የልጅ ልጅ አይተሽ አርጂ። ሌሎቻችሁንም የወጣችሁበት በር መልሶ ያስገባችሁ፤ አንደበታችሁን ለሰው መድኃኒት ያድርገው።

ሰው ሲለያይ «ደኅና ሰንብቱ» የሚለው አፉ ስለለመደው ነው። እኔ ግን እየለመንኳችሁ ነው፤ ሰንብቱ።