ዓይን የበዛበት ጽጌረዳ

ሰበታ፣ አንድ የመስከረም ረፋድ፤ እትዬ የሻረግ በጆንያ በሸፈኑት ሐረግ ጽጌረዳ ፊት በርጩማ አስቀምጠው እንደ ዘበኛ ተቀምጠዋል፤ የአጥር ጎረቤታቸው ነገራ መግረዣ መቀስ ይዞ ቆሟል።

የሻረግ፦ ጆንያውን አይንኩት ብያለሁ፣ አቶ ነገራ።

ነገራ፦ ጫፉን ገለጥ አድርጌ ልየው ነው ያልኩት፣ እትዬ። ላየው ብቻ።

የሻረግ፦ እሱን እኮ ነው የጠላሁት። ማየትዎን።

ነገራ፦ ለመሆኑ እኔ ከመቼ ወዲህ ነው "አቶ" የሆንኩት? ለፋሲካ "አንተ ነገራ፣ ና በጉን ያዝልኝ" ሲሉኝ አልነበረም?

የሻረግ፦ በፋሲካ አላውቅዎትም ነበር። አሁን አወቅኩዎት፤ አከበርኩዎት።

ነገራ፦ እንዲህ ያለው ክብርስ ይቅርብኝ። ይሄ ተክል ከታፈነ ዛሬ ዐሥራ ስምንት ቀኑ ነው። ቅጠል ብርሃን ካላየ ሥርም አይበላም። አሁን ካልገለጡት ይሞትብዎታል።

የሻረግ፦ ቀኑን ቆጥረዋላ።

ነገራ፦ የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ ቁጠር አትቁጠር የሚያሰኝ ነገር አለው?

የሻረግ፦ እኔም አጥር ይለየናል ብዬ ነበር የምኖረው። ለካ አጥር የማያግደው ዓይን አለ።

ነገራ፦ በሉ፣ ዓይንም መጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እስቲ ከሥሩ ይንገሩኝ፤ ምን አደረግሁ?

የሻረግ፦ ከሥሩ? መልካም። ሥሩን ቆፈርኩት።

ነገራ፦ ምነው እትዬ፣ የጽጌረዳ ሥር ይቆፈራል?

የሻረግ፦ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንብኝ ጊዜ ቆፈርኩታ። ምን አገኘሁ መሰለዎት? የእንቁላል ቅርፊትና የተፈጨ አጥንት። እኔ አልቀበርኩት። ዘለቀ ነፍሱን ይማረውና ይሄን ከተከለልኝ በኋላ ክረምቱን እንኳ አልጨረሰ፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ሴት ብቻዋን ከምትኖርበት ደጅ አጥንት የሚቀብር ማነው፣ አቶ ነገራ?

ነገራ፦ እኔ ነኛ።

የሻረግ፦ ምን አሉ?

ነገራ፦ እኔ ነኝ የቀበርኩት። ምግቡ ነው እኮ። በሰኔ ማለቂያ ልጅዎ ጋ አዳማ ሲሄዱ ቁልፉን ሰጥተውኝ "ጽጌረዳዬን አደራ" ብለውኝ አልነበረም? አጥንቱም የራስዎ ነው፤ ከዚያው ለፋሲካ ካካፈሉን በግ። አቃጠልኩና ፈጨሁት፣ ከቅርፊቱ ጋር ቀላቅዬ ሰጠሁት። ሥር ያበረታል።

የሻረግ፦ ውሃ አጠጣልኝ አልኩ እንጂ አጥንት ቅበርልኝ አልኩ? ያየው ሰው ሁሉ መተት ነው ብሎኛል።

ነገራ፦ ያየው ሰው ሁሉ ጽጌረዳ ተክሎ ያውቃል?

የሻረግ፦ መተት ለማወቅ ጽጌረዳ መትከል አያስፈልግም። እሱስ ይሁን። ቅርንጫፉ ላይ የተቋጠረው ቀይ ጨርቅስ? እሱንም ይበላዋል?

ነገራ፦ ማሰሪያ ነዋ። ጋሼ ዘለቀ በሽቦ ነበር ያሰሩት። ግንዱ ሲወፍር ሽቦ ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባል፣ ያንቀዋል። ሽቦውን ፈታሁና በጨርቅ ላላ አድርጌ አሰርኩት።

የሻረግ፦ ከጨርቅ ሁሉ ቀይ?

ነገራ፦ ከበዳቱ ቀሚስ የተቀደደ ነው። ቤት ውስጥ ያገኘሁት እሱን ነው።

የሻረግ፦ ሚስትዎ እንዲህ ያለ ደህና ጨርቅ ቀድዳ ትጥላለች ብዬ አላምንም። ለነገሩ እሷስ የት አለች? ጅማ እህቷ ጋ ሄደች ካሉኝ ስንት ጊዜዋ።

ነገራ፦ ትመጣለች። አሁን ተክሉን እንይ፣ እትዬ።

የሻረግ፦ አይቸኩሉ። እኔ እኮ ለዘለቀ ነግሬው ነበር፤ ቡገንቪላ ትከል፣ ቡገንቪላ ሰው ቢያየውም ባያየውም ግድ የለው ብዬው ነበር። እሱ ግን የለም፣ ጽጌረዳ ካልሆነ አለ።

ነገራ፦ እኔን አማክረው ነው የመረጡት። የእርሻው ጽጌረዳ ለመላኪያ ሳጥን የተፈጠረ ነው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የሚቆም፤ አጥር የሚወጣ ከፈለጉ እጁ ረጅም፣ ሲያጥፉት የማይሰበር ይፈልጉ አልኳቸው። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ቅርንጫፍ ሲያጥፉ ዋሉ፤ ሻጩ ሊያባርረን ምንም አልቀረው።

የሻረግ፦ ይሄን አልነገረኝም።

ነገራ፦ "ስሟ የሻረግ አይደል? ሐረግ የሌለው ምን ያደርግላታል?" ነው ያሉኝ።

የሻረግ፦ በሟች አፍ አይናገሩብኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አበባ እርሻ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ደጅዎ ላይ አንድ አበባ የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። የጠማው ሰው ደግሞ የሰው እንስራ ያያል።

ነገራ፦ ያያል። እሱን አልክድዎትም።

የሻረግ፦ አይክዱኝማ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጥንቱን ልለፍ፣ ጨርቁን ልለፍ፤ በነሐሴ መጨረሻ በአፍዎ ያሉትን ግን የት ላድርገው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚህ አጥር ላይ ብቅ አሉና ጽጌረዳዬን ከላይ እስከ ታች አይተው "ዓይን በዝቶበታል፤ ካልተቆረጠ በእርስዎ በኩል አያብብም" አሉኝ። በማግስቱ ማለዳ በሩን ስከፍት መቀስ ይዘው ሥሩ ቆመው አገኘሁዎት። የዚያኑ ቀን ነው ጆንያ ያለበስኩት።

ነገራ፦ በዚህች ቃል ነው?

የሻረግ፦ አነሰች?

ነገራ፦ እትዬ፣ ድንች ተክለው ያውቃሉ?

የሻረግ፦ ድንችን ምን አመጣው?

ነገራ፦ ለዘር ሲቆርጡት ምኑን ይጠብቃሉ?

የሻረግ፦ ዓይኑን ነዋ።

ነገራ፦ ሸንኮራስ?

የሻረግ፦ ዓይን ያለበትን አንጓ... እ?

ነገራ፦ ጽጌረዳም ዓይን አለው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሳበት ሥር ጉብ ብላ የምትታየው። ሁሉም ዓይን ልብቀል ካለ ምግቡ ይበተንና ቅጠል ብቻ ይሆናል። ደካማውን ይቆርጡታል፤ ጎበዙን ሲያሳጥሩ ደግሞ ደህናዋን ዓይን ይመርጡና ከእሷ አንድ ጣት ከፍ ብለው ይቆርጣሉ። እርሻ ላይ "ዓይን በዝቶበታል" ስንል ውለን ነው የምንመለስ። ቡዳ ነህ ያለኝ ሰው የለም።

የሻረግ፦ ለሰሚው ግራ ነው፣ ነገራ።

ነገራ፦ ለተናጋሪውም ግራ ሆኗል። ዐሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነሥተውኝ ነው የከረሙት።

የሻረግ፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ጤና አዳም ተከልኩበት። ነጭ ሽንኩርት ሥሩ ቀበርኩበት።

ነገራ፦ ነጭ ሽንኩርቱን ደግ አደረጉ፤ ቅጠል የሚመጠው ክሽክሽ አይወደውም።

የሻረግ፦ ለክሽክሽ ብዬ አይደለም የቀበርኩት።

ነገራ፦ ለእኔ እንደሆነማ ገባኝ። አሁን ልግለጠው?

የሻረግ፦ እኔው እገልጠዋለሁ። እርስዎ ራቅ ይበሉ... ውይ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ዐመድ?

ነገራ፦ ሻጋታ ነው። ጆንያው ከዝናቡ እርጥበት ጋር አፍኖት ነው። አይደንግጡ፤ የነካቸውን ቅጠሎች ለቅመን እናቃጥላለን። ከእንግዲህ ውሃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አያፍሱበት፣ እሱንም በጠዋት። ሥሩ አልሞተም። ይተርፋል።

የሻረግ፦ ይተርፋል?

ነገራ፦ ይተርፋል። የሚወጣ ጽጌረዳ ሁለት ዓመት እጁን ሲዘረጋ ነው የሚከርመው፤ አበባ በሦስተኛው ነው። እጁን ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ከለቀቁት ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል፤ ጋደም አድርገው ካሰሩት ግን በየዓይኑ ነው የሚያብበው።

የሻረግ፦ ጋደም አድርገው ካሰሩት።

ነገራ፦ አዎ።

የሻረግ፦ ይሄ ጋደም ብሏል።

ነገራ፦ እ... አዎ።

የሻረግ፦ አራቱም እጁ ጋደም ብሎ ታስሯል፣ በቀይ ጨርቅ። በአጥሩ ላይ አልፎ ወዲያ ወርዷል። ወደ እናንተ።

ነገራ፦ ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ ነው።

የሻረግ፦ ፀሐይዋ ጠዋት ከእኔ በኩል ነው የምትወጣው፤ እስከ እኩለ ቀንም እዚሁ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አየህ፣ እኔ አልተሳሳትኩም። ዓይን ያልከኝን ድንች ብለህ አስረዳኸኝ፤ ይሄን ደግሞ ምን ብለህ ታስረዳኛለህ?

ነገራ፦ አያስረዱትም።

የሻረግ፦ እኔ እኮ ዘንድሮም አላበበም እያልኩ ጠዋት ጠዋት አነባ ነበር።

ነገራ፦ አላበበም ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ዝም ነው ያልኩት።

የሻረግ፦ ምን ማለት ነው?

ነገራ፦ አብቧል፣ እትዬ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ። በእኛ በኩል።

የሻረግ፦ ስንት?

ነገራ፦ መጀመሪያ ሦስት ነበር። ጆንያው በእርስዎ በኩል ሲለብስ ዐሥራ አንድ ደርሶ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወዲያኛው ቅጠል ጠወለገ፤ ለዚህ ነው ዛሬ በግድ የመጣሁት።

የሻረግ፦ መልኩ ምን ዓይነት ነው?

ነገራ፦ እትዬ...

የሻረግ፦ መልኩን ንገረኝ። ዘለቀ ሳያየው ሞተ፤ እኔም አላየሁት። መልኩ ምን ዓይነት ነው?

ነገራ፦ የቅቤ መልክ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀላ ይላል፣ የልጅ ጆሮ በፀሐይ እንደሚታይ። ሽታው በመስኮት ገብቶ ቤቱን ይሞላል።

የሻረግ፦ ሁለት ዓመት በጀሪካን ውሃ የተሸከምኩት እኔ፤ ያየኸው አንተ። ይሄ ከቡዳም ይብሳል። ቡዳስ አይቶ ይሄዳል እንጂ ጎትቶ አይወስድም።

ነገራ፦ ይብሳል። ያን ጠዋት መቀስ ይዤ የመጣሁትም ለዚሁ ነበር፤ ወደ እርስዎ የሚያዩትን ዓይኖች መርጬ ልተውልዎት። ሕሊናዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

የሻረግ፦ ለምን ወሰድከው? ጠይቀኸኝ ከለከልኩህ?

ነገራ፦ ለእኔ አይደለም። ለበዳቱ ነው።

የሻረግ፦ ጅማ ሆና?

ነገራ፦ ጅማ አልሄደችም። ከሰኔ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። ወገቧ አልነሳ ብሏታል። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው ይሄን አጥር ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ "ዛሬ ብሎኬቱን ቆጥሬ ጨረስኩት፤ ነገ ከየት ልጀምር?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎን ጽጌረዳ እጅ መጎተት የጀመርኩት። ልቤ አልቻለም፣ እትዬ።

የሻረግ፦ ሦስት ወር ሙሉ? በአንድ አጥር እየኖርን፣ ሰው ሦስት ወር ተኝቶ እኔ አልጠይቃት? ምን የሚሉት ጉርብትና ነው?

ነገራ፦ ለእርስዎ እንዳልነግር አስምላኛለች።

የሻረግ፦ ለእኔ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ምን በድያት ነው?

ነገራ፦ ይተዉት።

የሻረግ፦ ተናገር ነገራ።

ነገራ፦ ዓይን ነው ትላለች።

የሻረግ፦ የምን ዓይን? የድንቹን?

ነገራ፦ የለም። የሰውን።

የሻረግ፦ የማን?

ነገራ፦ የእርስዎን።

የሻረግ፦ የእኔን? እኔ ምን አደረግኳት?

ነገራ፦ በሰኔ መጀመሪያ አዲሱን ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ በር ላይ አግኝተዋት "በዳቱ፣ ወገብሽ አሁንም የልጃገረድ ነው" ብለዋታል። እንትፍ እንትፍም አላሉም ነው የምትለው። በሳምንቱ ወደቀች። ቀሚሱን ሁለተኛ አልለብሰውም ብላ ቀደደችው።

የሻረግ፦ ይሄ ነው ጨርቁ?

ነገራ፦ ይሄ ነው።

የሻረግ፦ ነገራ፣ እኔ እኮ በፍቅር ነው ያልኩት። አልቀናሁም... ትንሽ ቀንቼ ሊሆን ይችላል። የኔ ወገብ እንደ ድሮው አልታጠፍ ካለ ሰንብቷል። ግን ሰው የሚጥል ቅናት አልነበረም።

ነገራ፦ የእኔም አጥንት መተት አልነበረም።

የሻረግ፦ አበባው የእኔ መሆኑን ታውቃለች?

ነገራ፦ ታውቃለች። "እሾህን በእሾህ ነው፤ ዓይኗ የወሰደብኝን አበባዋ ይመልስልኝ" ትላለች። እንደምንም ቀና ብላ የተቀመጠችው የመጀመሪያው ሲፈነዳ ነው፤ ሽታው ስቦ አነሣት። አሁን ጠወለገባት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

የሻረግ፦ መቀሱን አምጣ።

ነገራ፦ እትዬ፣ እባክዎ፤ ተናድደው ከሆነ እኔን ይስደቡኝ። የወዲያኛውን አይቁረጡባት።

የሻረግ፦ አምጣ አልኩህ። አሁን አሳየኝ፤ ወደ እሷ የሚያየው ዓይን የትኛው ነው?

ነገራ፦ ይሄ ነው። ይሄኛው፣ ያም።

የሻረግ፦ ወደ እኔ የሚያየውስ?

ነገራ፦ ይሄ። ጎበዝ ዓይን ነው፣ ለመስቀል ባይደርስልዎት ለጥቅምት ይደርሳል።

የሻረግ፦ እሱን ቁረጠው። ምግቡ ወደ እነዚያ ይሂድ።

ነገራ፦ እርስዎስ ታዲያ የዘንድሮውንም ሳያዩት?

የሻረግ፦ ማን ሳላየው አለህ? ያን ጆንያ አንሣልኝና ቶሎ ሂድ፤ ለበዳቱም ንገራት፤ የሻረግ ዓይኗን ይዛ እየመጣች ነው በላት።