እጅ የሰጠው ካፒቴን

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴን ጋሽ ወርቁን ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ይዣቸው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ያለ ሙዚየም ሄድኩ። የድሮ መርከቦችን ታሪክ የምታስጎበኝ ልጅ አንድ ሥዕል ፊት አቆመችን። አንዲት የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ቅመም ጭና ስትመለስ፣ የገበያ ተቀናቃኞቿ ሆላንዶች ከብበው እንደማረኳት ነገረችን። "ካፒቴኑ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ነው ያስረከባት። አገሩ ሲገባ ፈሪ ተባለ" አለች። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ወርቁ ግን "ስንት መርከበኛ ሞተበት?" ብለው ጠየቋት። "ማንም አልሞተም" አለቻቸው። "ታዲያ ምኑ ላይ ነው ፈሪነቱ?" ብለዋት ወጡ።

መኪና ውስጥ ገብተን "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አልኳቸው። "እኔም እኮ የንግድ መርከብ ካፒቴን ነበርኩ" አሉኝ። ስንት ዓመት ስንጎራበት አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። እንደነገሩኝ፣ ቀይ ባሕር ላይ ታጣቂዎች በጀልባ ከበቧቸው፤ መርከበኞቹ እንዋጋ ሲሉ እሳቸው እምቢ ብለው መርከቧን ከነጭነቷ አስረከቡ። ሁሉም በሕይወት ቤቱ ገባ፤ እሳቸው ግን ከሥራ ተባረሩ።

"ከመርከበኞቼ አንዱ እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ፣ አስፐን ሂል ነው የሚኖረው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እስከ ዛሬ ፊቱን ያዞርብኛል" አሉ።

ተናደድኩና "እኔ ላናግረው?" አልኳቸው።

"ተወው ልጄ። እኔም አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ምነው በተዋጋሁ እላለሁ። እሑድ ደግሞ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አጅበውት ሲገቡ አይና፣ እንኳን ቀረ እላለሁ።"