የእሁዱ ወፍና የወፍጮ ቤቱ ጣሳ

ያ ወፍ ዜማውን አሳምሮ የሚያወጣው ለምን እሁድ እሁድ ብቻ ነው?

አባይነሽ ይህን ጥያቄ ደጋግማ ብታስበውም ያን ጊዜ መልስ አላገኘችለትም። ሆሳዕና ያለው ቤቷ ከአቶ ኤርጃቦ ወፍጮ ቤት የሚለየው በአንድ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ባለው ዋንዛ ላይ ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ ቢጫ የሆነ ወፍ ይኖራል። በሥራ ቀን ሲጮህ ይውላል፤ እሁድ ሲሆን ግን አንጀት ያርሳል።

ጭንቀቷ ግን ሌላ ነበር። ልጇ ሂሩት ሦስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል አልወጣትም፤ የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁማለች። ሐኪሙ ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው ብሎ መልሷታል። ጎረቤት ደግሞ "ምላሷ ታስሯል" ይላል። አባይነሽም የጀመረችውን መሠረተ ትምህርት ትታ፣ የልጇ አፍ እዚያ ይፈታ እንደሆነ ብላ፣ ይዛት ሾኔ እናቷ ዘንድ ልትገባ ጓዟን መሸከፍ ጀምራለች።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት አቶ ኤርጃቦና ማታ ማታ ፊደል የሚያስቆጥራት የባዮሎጂ መምህሩ ተረፈ ደጃፏ ላይ ተገጣጠሙ። ወፉ ይዘምራል።

"አይ ይህ ወፍ! ሰንበትን ያከብራል፤ እንደኔ አማኝ ሳይሆን አይቀርም" አሉ አቶ ኤርጃቦ።

"የሚያከብረው የወፍጮዎን ዝምታ ነው፣ ጋሼ" አለ ተረፈ በትሕትና። "የሚዘምረው ሴቷን ለመጥራት ነው። በሥራ ቀን ሞተሩ ድምፁን ይውጥበታል፤ እሱም ድምፄ ይሰማልኛል ብሎ ሲጮህ ዜማው ይበላሻል። ሴቷ ዜማውን ካልሰማች በምን ትመርጠዋለች?"

"ለመተጫጨት ጸጥታ ያስፈልጋል እንዴ? እኔ ባለቤቴን ያየኋት አንጋጫ ገበያ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ነው!"

"ሲጠሯት ሰማችዎት?"

"የት ትሰማለች! ሽማግሌ ላክሁ እንጂ።"

"ወፉ የሚልከው ሽማግሌ የለውማ፣ ጋሼ!"

አባይነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አቶ ኤርጃቦም አብረዋት ሳቁ።

አቶ ኤርጃቦ ደግ ሰው ናቸው፤ የስንቱን እናት ወገብ ከድንጋይ ወፍጮ ያሳረፉ፣ የድሀን እህል በነፃ የሚፈጩ። ነገር ግን እንደ ብዙ ባለ ወፍጮ በሞተሩ ጭስ ማውጫ አናት ላይ ጣሳ ደፍተውበታል። ሞተሩ ሲነሳ ጣሳው "ቱክ! ቱክ! ቱክ!" ይላል፤ የሩቁ ገበሬም ያንን ሰምቶ እህሉን ይጭናል።

"ጣሳው ይነሳ ነው የምትለኝ?" አሉ ተረፈን። "ጣሳው እኮ አፌ ነው! ዝም ካለ ወፍጮው ተበላሸ ተብሎ ደንበኛዬ ይበተናል። ለወፍ ሠርግ ብዬ ቤቴን ልዝጋ?"

ይህን ጊዜ ሂሩት ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጣች። አንገቷን ወደ ዋንዛው አቅንታ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ የወፉን ዜማ አንድም ሳታጎድል መለሰችለት። ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ።

"ጋሼ" አለች አባይነሽ ልጇን ብድግ አድርጋ። "እኔ ከልጄ ጋር የማወራው ለካ እሁድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ወፍጮው ስለሚጮህ ነይ ስላት በእጄ ነው፤ ተይ ስላትም በእጄ። በእጅ መናገርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

"ጫጩትም ዜማ የሚማረው ከአባቱ ሰምቶ ነው" አለ ተረፈ ቀስ ብሎ።

 ሰው ያመነበትን በአንድ ቀን አይጥልምና፣ አቶ ኤርጃቦ በማግስቱ ሞተሩን አስነስተው ራሳቸው ሊያዩ በአባይነሽ ግቢ ቆሙ። ወፉ ጉሮሮው እስኪነፋ ይጮኻል። አንዲት ሴት ወፍ መጥታ አጥሩ ላይ አረፈች፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች፤ ተመልሳም በረረች። አቶ ኤርጃቦ "አየሽ?" ብለው አባይነሽን ጠሯት። አልሰማችም። ደግመው ጠሯት። በመጨረሻ ሳያስቡት እጃቸውን አወዛወዙላት፤ የገዛ እጃቸውን አይተውም ደነገጡ።

"እኔም በእጄ ተናገርሁ!" አሉ፤ ወዲያውም ሄደው ሞተሩን አጠፉ።

"ደንበኛዎ በዓይኑ ይወቅ፣ ጋሼ" አለ ተረፈ ማታ ሲመጣ። "ጠላ ቤት በምን ይታወቃል? ጣሳውን እንጨት ላይ ይስቀሉት።"

"እኔን ጠላ ሻጭ ልታስመስለኝ! ከቤተ ክርስቲያን ያባርሩኛል!"

ስለዚህ ጣሳውን አንስተው፣ ሞተሩ ሲነሳ በረጅም ቀርከሃ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅሉ ጀመር። ለጭስ ማውጫው ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ አስገጠሙለት፤ አፉንም ከዋንዛው አዞሩት። ጨርቁ ከማዶ ካለው ኮረብታ ስለሚታይ ገበያቸው አልጎደለም። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ስማቸው ሲጠራ መስማት ቻሉ። ከዛፉ ቅጠል ላይ የጭሱ ጥላሸት በዝናብ ታጠበ። ወፉም ሰኞን እንደ እሁድ ዘመረ፤ ሴቷም መጥታ ጎጆ ሠሩ።

ሂሩት አንድ ጧት ሴቷ ወፍ ሣር በአፏ ይዛ አጥሩ ላይ ስታርፍ አየቻት። እጇን አላወዛወዘችም።

"ነይ!" አለቻት።

አባይነሽ የሸከፈችውን ጓዝ ፈታች። ክረምቱ ሲገባ ተረፈ ወደ ሙዱላ ተዛውሮ ሄደ፤ ጫጩቶቹም ክንፍ አውጥተው በረሩ። ጥንዶቹ ወፎችም፣ አባይነሽና ሂሩትም ግን እዚያው ቀሩ።