ማር መሪ ወፍ ተከትለው ጉድጓድ ስለገቡት መምህር

የምስክር ስም፦ ንጋቷ ተረፈ
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ እስከ አራተኛ ክፍል
ሥራ፦ ቡና ለቀማ
አድራሻ፦ ሸኮ ወረዳ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ጀይላን

ተጠርጣሪው ኢሳይያስ ተረፈ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ወንድሜ ነው። ሟች ቲቸር ሸዋንግዛው ቴፒ የሚያስተምሩ፣ ወፍ ማየት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ዝናቡ ሲያቆም ይመጣሉ፣ ወንድሜ ጫካ ያስገባቸዋል፣ እኔ ምሳቸውን ይዤ ከኋላ እሄዳለሁ። ትናንት ጠዋትም እንደዛው ሄድን።

ቲቸር የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ካይናቸው አያወርዱም። ዛፍ ላይ ነጭ ጸጉሯ ከትከሻዋ የወረደ ጉሬዛ አይተው "ንጋቷ፣ ነጠላዋን አየሽ? ካንቺ ይነጣል" ብለው አሳቁኝ። ወንድሜ "ቲቸር፣ ጉሬዛዋ እኮ ቡና አትለቅምም" አላቸው። ሲሳሳቁ ነበር፣ ጸብ አልነበራቸውም፣ ይሄ ይጻፍልኝ።

ከዛ ማር መሪዋ ወፍ መጣች። ጫካ ውስጥ ማር ያለበትን ታውቃለች፣ እየጮኸች ሰው ትጠራለች። እኛ ጋ በፉጨት ነው የሚመለስላት፣ ሰው አይጮህም፣ ከጮኸ ትሸሻለች። ወንድሜ አፏጨላት። ቲቸር በወሬ እንጂ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፣ በጣም ደስ ብሏቸው ወደ ላይ እያዩ ቀደሙን።

እዛ ጋ ወንድሜ ለከርከሮ የቆፈረው ጉድጓድ አለ። በቆሎ ያለው ሁሉ ይቆፍራል። ላዩ ቅጠል ነው፣ ውስጡ ሹል እንጨት ተተክሏል። ሰው እንዳይገባ መንገዱ ላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ ተጋድሟል፣ የኛ አገር ሰው ያን ካየ ይመለሳል። ቲቸር ወደ ላይ ነው የሚያዩት፣ ቅርንጫፉን ረግጠው አለፉ። ወንድሜ አየ። እኔም አየሁ። አፏጨ። ደግሞ አፏጨ፣ ጠንከር አድርጎ። ቲቸር ለወፏ መስሏቸው ዞር ሳይሉ እጃቸውን አወዛወዙለት። ከዛ የሉም።

ስንደርስ በሕይወት ነበሩ። እኔ ስጮህ እሳቸው ናቸው "አይዞሽ" ያሉኝ። ወንድሜ ገብቶ አወጣቸው፣ ቃሬዛ ሠርተን ተሸከምናቸው፣ የመኪናው መንገድ ሳንደርስ አረፉ።

ወንድምሽ ተጠንቀቁ ብሎ ጮኾ ነበር ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። እናቴ ወደዚህ ስመጣ "ጮኸ በይ፣ ደጋግሞ ጮኸ በይ፣ ያለሽ አንድ ወንድም ነው" ብላኛለች። አልጮኸም። አፏጨ እንጂ አልጮኸም። ሊገድላቸው ፈልጎ አይደለም፣ ወፏ እንዳትሄድባቸው ብሎ ነው፣ ቲቸር በጣም ደስ ብሏቸው ስለነበረ ነው። አንቺስ ተብዬ፣ እኔም ቀድሜ አልጮህኩም ብያለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፣ እኔ ያልኩት ነው፣ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ለእናቴ እንዳይነገርብኝ ብዬ ጠይቄ፣ ፍርድ ቤት ፊት ይነበባል ተብያለሁ። ይህንኑ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ንጋቷ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ጀይላን