ለሁለት ቀን ጨዋታ

አስተርጓሚነት እንዴት እንደሚያዋርድ እኔን ጠይቁኝ። ጊንጪ አስተማሪ ሳለሁ፣ ለጎልፍ ተጫዋች ቱሪስቶች ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። እንግዶቹ አምቦ ያድራሉ፣ ፍል ውሃ ይታጠባሉ፣ ከዚያ ደንዲ ሐይቅ አጠገብ ያለው ግጦሽ ላይ ለሁለት ቀን ይጫወታሉ። የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ቶላ አማርኛ አልችልም ስላሉ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሰውየው መሬቱን በእርምጃ እየለካ ትናንሽ ቀይ ባንዲራዎች ሲተክል እሳቸው ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

"ለጨዋታ ብሎ መሬት የሚለካ ማን አለ?" አሉኝ።

"ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ ቦታ እየመረጠ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲህ ለሁለት ቀን ከሆነ ከብቶቹን እናነሳለን" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ሰውየው ዳር ያሉትን ጎጆዎች እያየ በአማርኛ "እነዚህ እይታ ያበላሻሉ፤ መነሳታቸው አይቀርም፣ አሁን ግን እንዳትነግራቸው" አለኝ። እኔም አላፍርም፣ "ሜዳችሁ ያምራል ይላል" ብዬ ተረጎምኩ።

ኦቦ ቶላ ከዘራቸውን ተክለው አንዴ እሱን፣ ረዘም አድርገው ደግሞ እኔን አዩ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣

"ጎጆዎቹ የኔና የልጆቼ ናቸው" አሉ። "እነሱም የሚነሱት ለሁለት ቀን ነው፣ መምህር?"