ራኩባው ሳይጸድቅ ጡረታ የለም

ጋሽ ባንታምላክ እዚህ ቢሮ የመጡ ዕለት መዶሻ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

በሩ አልዘጋ ብሎን አናጺ አስጠርተን እየጠበቅን ነበር። ነሐሴ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት። በዶካ በኩል ከመጣ ሎሪ ላይ አንድ ሰውዬ ወረዱ። አንዱ እግራቸው ጫማ አለው፤ የሌላውን ጭቃ አስቀርቶታል። ግቢ ገቡና ገና ሰላም ሳይሉን «ይህ በር ቦታው አይደለም» አሉ። እኔ ደግሞ «እሰይ፣ እንኳን መጡልን» ብዬ መዶሻና ሚስማር አቀበልኋቸው። በሩን ነቀሉ፣ ወዲያ አዙረው ገጠሙ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ሻይ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ። እጃቸውን ታጠቡና «በሉ እንግዲህ፣ ጠረጴዛዬ የቱ ነው?» አሉ። «ለአናጺ ደግሞ የምን ጠረጴዛ ነው?» አልሁ። «የከተማ ፕላን ባለሙያው ነኝ» አይሉኝም?

እውነተኛው አናጺ እስከ ዛሬ አልመጣም። በሩ ግን ይኸው ይዘጋል።

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ። አለቃችን ሙዲሩ «እናትነሽ፣ አደራ አጭር አድርጊው» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። እሺ ማለት መች ይቸግረኛል።

እንግዶች ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ግድቡ ሐይቁን ካመጣልን ወዲህ ከተማችን ባለወደብ ሆናለች። ወደብ ስላችሁ መርከብ እንዳታስቡ። የእኛ ወደብ ጀልባ ነው፣ ዓሣ ነው፣ አህያ ነው፣ የሰሊጥ ጆንያ ነው፣ ከማዶ የሚሻገር ሰው ነው። ይህን ዳርቻ ሰው የሚያርፍበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ነጋዴ ቆሞ የሚሸጥበት ቦታ እናድርገው ተባለና ሥዕል ተሠርቶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥዕል ነበር። መብራት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ውሃው አፍ ላይ ባለመስተዋት ሬስቶራንት አለው። እኔማ ወድጄው ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ፣ «ጠይባ የት አለች?» አሉ።

ጠይባን የማያውቅ የለም፤ ጀልባ መውረጃው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ሻይ ታፈላለች፣ ዓሣ ትጠብሳለች። ጥላቸው ከእንጨትና ከሣር የተሠራች አንዲት ዘማማ ራኩባ ናት። በዚያ ሥዕል ላይ ራኩባዋም እነሱም አልነበሩም። ጋሼ ቁጭ ብለው አዲስ ሳሉ፤ ውሃው ፊት ለፊት ሴቶቹን ሁሉ የሚያስጠልል አንድ ትልቅ ራኩባ አደረጉበት። የከተማው ምክር ቤት፣ መሐሊያው፣ ሊያጸድቀው ይችላል፣ ሊያስነሳውም ይችላል። ጋሼም ለሙዲሩ ያሉትን ሁላችሁ ሰምታችኋል፤ «ራኩባው ሳይጸድቅ ጡረታ አልወጣም።»

ዕድሜያቸው የደረሰው እኮ ባለፈው ሰኔ ነው። ይህ ግብዣ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። በጉ ሁለት ጊዜ ከሞት ተርፏል፤ ዛሬ ግን አልቀናውም። ጋሼ ዛሬም የመጡት «ምሳ ልበላ እንጂ ልሸኝ አይደለም» ብለው ነው። መሐሊያው ጠዋት ተሰብስቦ መወሰኑን ሰምተዋል። ምን እንደወሰነ አልሰሙም። እኔ ሰምቻለሁ። ንግግሬ ሳያልቅ እንዳልናገር ስለተገዘትሁ ነው እንዲህ የምቁነጠነጠው። ጋሼ፣ እንደዚያ አይዩኝ፤ ከፊቴ ላይ ምንም አያገኙም።

እስከዚያ ግን ሐሜትዎን ፊት ለፊት ይስሙ።

ጋሼ ሰው ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት «በየት በኩል መጣህ?» ነው። ገበያም፣ ልቅሶ ቤትም ያው ነው። ሾፌራችን ኸይሩ ያገባ ዕለት ሙሽራዋ ገና ከመኪና ስትወርድ ጠጋ አሉና «ሙሽሪት፣ በየት በኩል አመጧችሁ?» አሏት። የኸይሩ አማት ደነገጡ። «ይህ ሰውዬ ማን ነው? ፖሊስ ነው እንዴ?» ኸይሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ላ ላ፣ መሐንዲስ ናቸው። ደህና ሰው ናቸው፤ መንገድ ብቻ ነው የሚያማቸው።»

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ማርያም እዚሁ አሉ፤ ይመስክሩ። ጋሼ ቤታቸው ውስጥ ያላዛወሩት ዕቃ የለም። «ገበያ ውዬ ስመለስ ምድጃዬን ጎረቤት ጠይቄ ነው የማገኘው» ብለውኛል። እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሙሉ ቀን ቤት ሊውሉልዎ ነው። እግዜር ያጽናዎት።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ያ የአህያው ነገር አለ። ጋሼ ወረቀት አያምኑም። «ወረቀት ላይ ሰው አይሄድበትም» ይላሉ። ስለዚህ ፕላኑን በቁሙ ዳርቻው ላይ እንዘርጋው አሉ። የማሽላ አገዳ በጋሪ አስመጥተን፣ ሱቁ እዚህ፣ መንገዱ እዚህ፣ ራኩባው እዚህ እያልን ስንደረድር ዋልን። ባለሥልጣናቱ በማግሥቱ ይመጣሉ። ጠዋት ኸይሩ እየሮጠ መጣና «ጋሼ፣ ሱቆቹን አህያ በላቸው» አለ። ሄድን። እውነትም ከሱቆቹ አንድም አልቀረ። ባለሥልጣናቱ ደረሱ። «ፕላኑ የታለ?» ኸይሩ ወደ አህዮቹ ሆድ እየጠቆመ «አልሑማር አከሎ» አላቸው፤ አህያ በላው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወድጄ ነበር። ጋሼ ግን አህዮቹን ትክ ብለው አዩና «እነዚህ በየት መጡ?» አሉ። አህያም አልቀረላቸውም ብዬ ሳቅሁ። ለካ ሱቆቹን የደረደርነው ከብቱ ሁሉ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ላይ ኖሯል። ብንሠራው ኖሮ እረኛውና ባለሱቁ በየቀኑ ሊፋጁ ነበር። ጋሼ እዚያው ባለሥልጣናቱ ፊት ሱቆቹን ወዲያ ገፍተው የከብቱን መንገድ ከፈቱ። «ስብሰባው ላይ የጎደለው አባል ይኸው መጣ» አሉ።

አሁን ቀልዱን ልተው።

ያን ጊዜ እኔ የዚህ ቢሮ ጽዳት ነበርሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ልጄን አዝዬ በመተማ ድንበር ተሻግሬ ስመጣ ጠይባ ምድጃዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጥታኝ፣ እዚያች ራኩባ ሥር ሻይ ሸጫለሁ። ከተሻገርሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለምን መጣሽ?» ይለኝ ነበር። ጋሼ በሩን የሠሩ ማግሥት «በየት በኩል መጣሽ?» አሉኝ። ጠየቁኝና እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የመጣሁበትን መንገድ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ። ከዚያ «ዳርቻውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ነይ ሜትሩን ያዢልኝ» አሉኝ። ከሜትር ጫፍ ጀምሬ ይኸው ዛሬ ሥራውን ተረክቤያለሁ። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ ብል አይበቃኝም፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም።

ጦርነቱ ከካርቱም ሰው ሲያመጣብንም ያየሁትን አልረሳም። መምህር የነበረች ሴት ከጠይባ ጎን ቁጭ ብላ ሻይ ስታፈላ ጋሼ አዩ። ማንንም ሳያማክሩ ራኩባውን አስፍተው ሳሉት። «ጋሼ፣ ባለፈው የሳሉትስ?» ስላቸው «ሰው ጨመረ» አሉኝ፤ በቃ።

እሺ፣ የጠዋቱን ልናገር። ሙዲር፣ ይፍቱኝ፤ ከዚህ በላይ ብይዘው እፈነዳለሁ።

ጋሼን ሙዲሩ «እርስዎ ከገቡ ትጣላላችሁ» ብለው አስቀሯቸው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ እኔ ገባሁ። ገና ፕላኑ ሲዘረጋ አንደኛው አባል «ራኩባው ከወደቡ አጥር ጀርባ ይሁን፤ ፊቱ ለሬስቶራንት ይሰጥ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀልን አልሁ በሆዴ። አፌ ግን «እባካችሁ ወርደን እንራመደው» አለ። ፀሐዩ ከርሯል። አጉረመረሙ፤ ወረዱ። በገመድ ምልክት አደረግሁላቸው፤ አገዳ አልደገምሁም። ሰብሳቢው ሬስቶራንቱ ይሁን የተባለበት ቦታ ላይ ቆመው መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ጀልባ ደረሰ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ በምርኩዝ፣ ሁሉም ከጀልባው ወርደው በቀጥታ ወደ ጠይባ ራኩባ። ሰብሳቢውም ሳያስቡት ተከትለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ አዘዙ።

ግማሽ እንደጠጡ ዞር ብለው አጥሩ ጀርባ ያለውን ሜዳ አዩ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ከጀልባ የወረደ ሰው እዚያ ድረስ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» አሉ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወረቀቱን አምጪ አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ።

ጋሼ፣ ጸድቋል። ራኩባው በሳሉበት ቦታ፣ በሳሉት ስፋት፣ ውሃው ፊት ለፊት። ሥራው ሰኞ ይጀመራል።

ያልቅሱ፤ ማንም አያይዎትም፤ ሁላችንም እያለቀስን ነው።

እንግዲህ ኻላስ፣ ምክንያትዎ አለቀ። አሁን በክብር ጡረታ ይውጡ። ሰኞ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፤ የተሳሳትሁ እንደሆነ ቤትዎ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ። በየት በኩል እንደመጣሁም እነግርዎታለሁ።

ሁላችሁም ብርጭቆ አንሱ። ከርከዴ ነው፣ ቀዩ የአበባ ሻይ፤ አልኮል በማይጠጣበት አገር ከበቂ በላይ ነው። ጋሽ ባንታምላክ፣ ጤና ይስጥዎት፤ ከእትዬ ጋር እርጅናዎ ያማረ ይሁን፤ ያስጠለሏቸው ሁሉ ይመርቁዎት። ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለው ይዩ። አሁን ከጀልባ የወረደ ሰው ሻይ ፈልጎ አያገኝም። ጠይባና ጓደኞቿ ሁሉ እሳታቸውን አጥፍተው እርስዎን ሊሸኙ እዚህ ናቸው።